የተማሪው ማኅደር

ማኅደር ማለት በግዕዝ ማደሪያ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው፣ አባቶቻችን ዳዊታቸውንና ድርሳናቸውን ከዝናብና ከአቧራ ለመጠበቅ ሲሉ ከቆዳ ያሰፉት የነበረው፣ በትከሻ የሚንጠለጠለው የመጽሐፍ ቤት ነው። ሁለተኛው በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኘው የግል ማኅደር ነው፤ ይኸውም የአንድ ሠራተኛ የቅጥር ደብዳቤ፣ የደረጃ እድገት፣ ምስጋናና ተግሣጽ የሚጠራቀምበት ነው። የቆዳውን ማኅደር ባለቤቱ ራሱ ተሸክሞት ይሄዳል። በመሥሪያ ቤቱ ማኅደር ግን ሌሎች ይጽፉበታል፣ ሌሎችም ይቆልፉበታል።

ዛሬ ልንናገርለት ያሰብነው ነገር ከሁለቱም የተለየ ሲሆን ከሁለቱም ጋር ዝምድና አለው። ይህም በከፍተኛ ትምህርት ቤቶች «ኤሌክትሮኒክ ፖርትፎሊዮ» የሚባለው፣ ተማሪው በራሱ እጅ የሚያዘጋጀው የሥራ ማኅደር ነው። ስለዚህ ጉዳይ እንድንጽፍ ያነሣሡን ሴት ልጃቸውን በናይሮቢ የሚያስተምሩ አንድ ወዳጃችን ናቸው።

ወዳጃችን የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ልጃቸው በኬንያ ዋና ከተማ ከሚገኙት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የመምህርነት ትምህርት ትከታተላለች። ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት ስልክ ደውላ፣ ለኢንተርኔትና ለአሮጌው ላፕቶፕ ማሠሪያ ገንዘብ እንዲልኩላት ለመነቻቸው።

«ምን ሆነሽ ነው? የወሩን ልኬልሽ የለም ወይ?» አሏት።

«ለፖርትፎሊዮ ነው አባባ» አለች።

«እርሱ ደግሞ ምንድር ነው?»

«ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የሠራሁት ሥራ የሚቀመጥበት ነው። ሳስተምር የተነሣሁት ቪዲዮም ይገባበታል።»

«ልጄ፣ የላክሁሽ ዲግሪ ይዘሽ እንድትመጪ ነው እንጂ ፎቶግራፍ ስትነሺ እንድትውዪ አይደለም።»

ልጅቱም ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «አባባ፣ አይቆጡኝና፣ ዲግሪው ማለፌን ይናገርልኛል። ማስተማር መቻሌን ግን ማን ይናገርልኛል?» አለቻቸው።

ወዳጃችን ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኙለትም። ገንዘቡን ላኩ፤ ይሁን እንጂ ነገሩ ከልባቸው ስላልወጣ በማግሥቱ ወደ እኛ መጥተው፣ «እናንተ ጸሐፊዎች ናችሁና እስቲ ይህን አስረዱኝ» አሉን። እኛም የምናውቀውን ነገርናቸው፤ የማናውቀውን ደግሞ ጠይቀንና አንብበን ለመረዳት ሞከርን።

ፖርትፎሊዮ የሚለው ቃል መነሻው ጣሊያንኛ ነው። «መሸከም» እና «የወረቀት ቅጠል» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተጋጠመ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ወረቀት የሚያዝበትን ቦርሳ ያመለክት ነበር። ሠዓሊዎችና የሕንፃ ነዳፊዎች ሥራቸውን ለሥራ ሰጪ ለማሳየት ይዘውት የሚዞሩት ቦርሳ በዚሁ ስም ይጠራል። እንግዲህ ከእኛው የቆዳ ማኅደር ብዙም የራቀ አይደለም ማለት ነው። ኤሌክትሮኒክ ሲሆን ቦርሳው በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል፤ ከወረቀትም ሌላ ድምፅን፣ ፎቶግራፍንና ቪዲዮን ይይዛል። ባለቤቱ ናይሮቢ ሆኖ አዲስ አበባ ላለ ሰው ሊያሳየው ይችላል።

ሆኖም የተከማቸ ነገር ሁሉ ፖርትፎሊዮ አይባልም። ሥራው አራት ደረጃዎች አሉት። አንደኛው ማሰባሰብ ነው፤ ተማሪው ድርሰቱን፣ ንድፉን፣ የቤተ ሙከራ ዘገባውን፣ የልምምድ ቪዲዮውን ሳይጥል ቀኑን እየጻፈ ያኖራል። ሁለተኛው መምረጥ ነው፤ ከተሰበሰበው መካከል የዕውቀቱን እድገት በግልጽ የሚያሳየውን ጥቂቱን ይለያል። ሦስተኛው ማሰላሰል ነው፤ በመረጠው ሥራ አጠገብ «ይህን ለምን መረጥሁት? ምን ተማርሁበት? እንደገና ብሠራው ምኑን እለውጠዋለሁ?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይጽፋል። አራተኛው ማቅረብ ነው፤ መምህሩ፣ ጓደኞቹ፣ ኋላም ቀጣሪው እንዲያዩት ያደርጋል።

ከአራቱ ሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ነው። ያልተገላበጠ ያራል እንደሚባለው፣ ተማሪም የሠራውን ሥራ መለስ ብሎ ካላገላበጠው ስሕተቱ ሳይታወቅ አርሮ ይቀራል። በኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዚሁ ተግባር የተጀመረው የኮምፒዩተር ፕሮግራም «ማሃራ» ተብሎ መሰየሙም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቃሉ በማኦሪ ሕዝብ ቋንቋ ማሰብ ማለት ነውና።

አሁን ወደ ናይሮቢ እንመለስ። በዚያች ከተማ ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው ሮያል ቴክኒካል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1956 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች በተቀበለ ጊዜ ነው። ይኸው ኮሌጅ በ1970 የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ቀድሞ የእንግሊዝ ጦር ሰፈር የነበረው ቦታ ደግሞ በ1965 ኬንያታ ኮሌጅ ተብሎ መምህራንን ማሠልጠን ጀመረ፤ በ1985ም ኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ለመባል በቃ። በእነዚህና በመሰሎቻቸው ትምህርት ቤቶች ለረዥም ዘመን የተማሪው ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በፈተና አዳራሽ ውስጥ ነበር።

ይህን ልማድ ያናጉት ነገሮች ከአንድ በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በባሕር ሥር የተዘረጉት የኢንተርኔት ገመዶች ሞምባሳ ደረሱ፤ ከዚያ ወዲህ የኢንተርኔት አገልግሎት ፈጠነ። በ2020 መጋቢት ወር የኮሮና በሽታ ትምህርት ቤቶችን ባዘጋ ጊዜ መምህራንና ተማሪዎች ሳይወዱ በግድ በኮምፒዩተር መገናኘትን ተለማመዱ። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶችም ሠልጣኙ የሠራውን ሥራ ማስረጃ እየሰበሰበ በማኅደር እንዲይዝ ይጠየቃል፤ በያጁ ብረት የበየደ ሰው ስለ ብየዳ በጻፈው መልስ ብቻ ሊመዘን አይገባውምና።

ከሁሉም በላይ ግን በታችኛው ትምህርት ቤት የመጣው ለውጥ የከፍተኛ ትምህርት ቤቶችን በር ማንኳኳቱ አይቀርም። ኬንያ ከ1985 ጀምሮ ስትሠራበት የኖረችውን የትምህርት ሥርዓት በሌላ ለመተካት በ2017 ሙከራ ጀመረች፤ አዲሱንም ሥርዓት በ2019 በሰፊው ሥራ ላይ አዋለች። አዲሱ ሥርዓት «ልጁ ምን ያውቃል?» ከማለት ይልቅ «ልጁ ምን መሥራት ይችላል?» ብሎ የሚጠይቅ ነው፤ ስለዚህም ልጆቹ ከትንሽነታቸው ጀምሮ የሥራቸውን ማኅደር መያዝ ይለምዳሉ። የእነዚህ ልጆች የመጀመሪያው ጓድ በ2029 ገደማ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባል ተብሎ ይጠበቃል። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው «ማኅደራችሁን ደጅ ጥላችሁ ግቡ» ሊላቸው አይችልም።

ወዳጃችን ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላም «ይሁን፣ ግን በዐይኔ ካላየሁ አላምንም» እንዳሉ ቆዩ። ባለፈው ክረምት ለሥራ ጉዳይ ወደ ናይሮቢ ሲላኩ ልጃቸውን አገኟት። ልጅቱም ላፕቶፗን ከፍታ ከአጠገባቸው ተቀመጠች።

በመጀመሪያ ያሳየቻቸው በአንደኛው ዓመት የተነሣችውን ቪዲዮ ነበር። የክፍል ጓደኞቿ እንደ ሕፃናት ተማሪዎች ሆነው ተቀምጠዋል፤ እርሷ ስለ ክፍልፋይ ቁጥር ታስተምራለች። ፊቷን ወደ ሰሌዳው፣ ጀርባዋን ወደ ተማሪዎቹ አዙራለች፤ ድምፅዋም አይሰማም። ወዳጃችን እንደ ነገሩን፣ ስለ ልጃቸው አፍረው ዐይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ከቪዲዮው በታች ግን ልጅቱ በእንግሊዝኛ የጻፈችው ቃል ነበረ፤ እርሱንም ወደ አማርኛ መልሳ አነበበችላቸው፤ «ለሰሌዳው አስተማርሁ እንጂ ለሰዎቹ አላስተማርሁም» የሚል ነበር።

ቀጥሎ የሦስተኛውን ዓመት አሳየቻቸው። አሁን ያለችው በእውነተኛ ክፍል፣ በእውነተኛ ሕፃናት ፊት ነው። ኬንያውያን ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ ይዛ ገብታለች። አንዱን ቂጣ ከአራት፣ ሌላውን ከስምንት ቈረሰችና፣ «የትኛው ይበልጣል? አንድ አራተኛው ወይስ አንድ ስምንተኛው?» ብላ ጠየቀች። አንድ ሕፃን ፈጥኖ ተነሣና፣ ስምንት ከአራት ስለሚበልጥ አንድ ስምንተኛው ይበልጣል ብሎ መለሰ። እርሷም ተሳሳትህ አላለችውም። «እንግዲያው የምትበላውን ራስህ ምረጥ» አለችው። ሕፃኑ ሁለቱን ቍራሾች ትክ ብሎ አየና፣ እጁን ወደ ስምንተኛው ከዘረጋ በኋላ መልሶ ሩቡን አነሣ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ሕፃኑም አብሮ ሳቀ።

በዚህ ቪዲዮ አጠገብ መምህሯ የጻፈው አንድ ማሳሰቢያ ነበር፤ ትምህርቱ መልካም እንደ ነበረ ገልጦ፣ ሕፃኑ እንዴት አስቦ እንደ ተሳሳተ እንድትጽፍ የሚጠይቅ ነው። እርሷም አንድ ገጽ ሙሉ ጽፋ መልሳለች።

«ልጆቹን ከጀርባቸው ብቻ ያነሣሻቸው ለምንድር ነው?» ብለው ጠየቋት ወዳጃችን። እርሷም ኬንያ በ2019 ስለ ግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ማውጣቷን፣ የሕፃንን መረጃ ለመያዝም የወላጅ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ነገረቻቸው። ከወላጆቹ ፈቃድ ተቀብላለች፤ ያም ሆኖ ፊታቸውን ላለማሳየት መርጣለች። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መኖሩን አንባቢዎቻችን ቢያስታውሱ መልካም ነው። የተማሪው ማኅደር የሌላውን ሰው ገመና የሚያወጣ መሆን የለበትም።

ወዳጃችን ያዩት ነገር በዲግሪው ወረቀት ላይ አይጻፍም። የዲግሪ ወረቀት የመጨረሻውን ውጤት ይናገራል፤ ከሰሌዳው እስከ ቻፓቲው ያለውን መንገድ ግን አይናገርም። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ ማኅደሩ እግሩ መቼና እንዴት እንደ በቀለ ያሳያል።

ይህ ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ዘዴ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ የራሳችንን የአብነት ትምህርት ቤት ያስታውስ። በአብነት ትምህርት «ማስመስከር» የሚባል ነገር አለ። አማርኛ በመማር ላይ ለሚገኙት አንባቢዎቻችን ለማስረዳት ያህል፣ ቃሉ «ምስክር» ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ ተማሪው የተማረውን በታወቀ መምህር ፊት አሳይቶ ለዕውቀቱ ምስክርነት መቀበል ማለት ነው። ድጓ የተማረ ሰው ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሄድ ነበር። ከዚያም በፊት የድጓው ተማሪ ብዙውን ጊዜ ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ያንን ታላቅ መጽሐፍ በገዛ እጁ ይጽፈው ነበር። መጽሐፉ የትምህርቱ መሣሪያም የትምህርቱ ምስክርም ነው። ከቆዳ ማኅደሩ አግብቶ በትከሻው አንጠልጥሎ ሲሄድ፣ የብዙ ዓመት ድካሙን ተሸክሞ ይሄዳል።

በዘመናዊው ትምህርትም ቢሆን ፖርትፎሊዮ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ለመምህራን አሠልጣኞች በተጀመረው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም እያንዳንዱ ሠልጣኝ የሥራውን ማኅደር እንዲያዘጋጅ ይጠየቅ ነበር። በተከታታይ ሙያ ማሻሻያም መምህራን በዓመት 60 ሰዓት በመማማር እንዲያሳልፉና ማስረጃውን በማኅደር እንዲይዙ ታቅዶ ነበር። ዐሳቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በብዙ ቦታ ማኅደሩ ተቈጣጣሪ ሊመጣ ነው በተባለበት ሳምንት የሚሞላ፣ ከሄደ በኋላም በመደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ምክንያቱም የሚጽፍ እንጂ የሚያነብ አልነበረውም። ወረቀቱን በኮምፒዩተር መተካት ይህን በሽታ አይፈውሰውም፤ አቧራው የማይታይ ይሆናል እንጂ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቁም ነገር ማኅደሩ አንባቢ ያስፈልገዋል የሚለው ነው። አንድ መምህር ሁለት መቶ ተማሪ ቢመደብለት የሁለት መቶ ሰው ማኅደር በሚገባ አንብቦ ማሳሰቢያ ሊጽፍ አይችልም። ይህን ዘዴ የሚፈቅድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምፒዩተር ከመግዛቱ በፊት ለመምህሩ የማንበቢያ ጊዜ መቍረጥ አለበት።

ሁለተኛው ቁም ነገር እውነተኛነት ነው። በዛሬው ዘመን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ ድርሰትንም ጸጸትንም ጽፎ ይሰጣል። «ተሳሳትሁ፣ ተማርሁ» የሚለውን ቃል እንኳ ማሽን ያሳምረዋል። መድኀኒቱ የአብነት መምህሩ መንገድ ነው፤ ተማሪውን በአካል አስቀርቦ፣ ማኅደሩን በመካከል ከፍቶ፣ «እስቲ ይህን ንገረኝ» ማለት። የራሱን ሥራ ያቀረበ ሰው ይናገራል፤ የሌላ ያቀረበ ይንተባተባል።

ሦስተኛው የዕድል እኩልነት ነው። ሀብታሙ አዲስ ላፕቶፕ፣ ድኻው የተሰነጠቀ ስልክ ይዞ ሲመጣ፣ የቪዲዮው ጥራት የዕውቀት ሚዛን መሆን አይገባውም። መብራት በሚጠፋበትና ኢንተርኔት በሚቈራረጥበት ስፍራ ተማሪው ሥራውን በስልኩ ላይ አኑሮ፣ መስመር ባገኘ ጊዜ የሚያስገባበት ሥርዓት ሊኖር ይገባል።

አራተኛውና ወዳጃችንን ይበልጥ ያሳሰባቸው የቍልፉ ጉዳይ ነው። ልጃቸው እንደ ነገረቻቸው፣ ከእርሷ አስቀድማ ከሌላ ትምህርት ቤት የተመረቀች አንዲት የምታውቃት ወጣት ለሥራ ስትወዳደር ማኅደሯን ለማሳየት ብትሞክር በሩ አልከፈት አላት። የትምህርት ቤቱ የኢሜይል አድራሻ ከተመረቀች ከጥቂት ወራት በኋላ ተዘግቶ ኖሮ፣ የአራት ዓመት ሥራዋም አብሮት ጠፋ። አስቀድሞ የነገራት ሰውም አልነበረም። ቀጣሪዎቹ ወረቀቷን ብቻ አይተው ሸኟት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ ቍልፉ በሌላ ሰው እጅ ያለ መጽሐፍ ግን እንደ ቃል ይረሳል።

ይህ ነገር በናይሮቢ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ይከብዳል። ከተማይቱ የብዙ ስደተኞች መኖሪያ ናት፤ ከእነርሱም መካከል ቍጥራቸው ቀላል ያልሆነ ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ። ከአገሩ በጥድፊያ የወጣ ሰው የምስክር ወረቀቱን ትቶ ሊወጣ ይችላል፤ የተማረበት ቦታም መልስ የማያገኝበት ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ኬንያታ ዩኒቨርሲቲ፣ ሞይ ዩኒቨርሲቲና ሁለት የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው በዳዳብ የስደተኞች ሰፈር ለሚኖሩ ወጣቶች ከፍተኛ ትምህርትን ማድረሳቸው፣ ትምህርት ድንበርንና አጥርን ሊሻገር እንደሚችል አሳይቷል። ለእንደዚህ ያለው ተማሪ በሄደበት ሁሉ የሚከፈት፣ በራሱ እጅ የሚቈለፍ ማኅደር ቅንጦት አይደለም፤ የቀረው ምስክር እርሱ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ልጆቻቸውን በከፍተኛ ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች የምንመክረው ይህ ነው። ልጃችሁ ማኅደር እንዲይዝ ትምህርት ቤቱ ባይጠይቀው እንኳ እናንተ ጠይቁት። ሥራውን በቀን በቀኑ እንዲያኖር፣ በዓመቱ መጨረሻም ከእናንተ ጋር ተቀምጦ ሦስት ሥራዎችን መርጦ እንዲያስረዳችሁ አድርጉ። ያኖረውንም በትምህርት ቤቱ አድራሻ ብቻ ሳይሆን በግል አድራሻውና በፍላሽ እንዲገለብጠው አሳስቡት። በትምህርት አስተዳደር ላይ ላላችሁ ሹማምንት ደግሞ የምናቀርበው ልመና አጭር ነው፤ ተማሪው ሲመረቅ ዲግሪውን በአንድ እጁ፣ ማኅደሩን በሌላ እጁ ይዞ እንዲወጣ የሚያደርግ ደንብ አውጡ። ቀጣሪ የሆናችሁም ማኅደሩን ሳትከፍቱ አትመልሱት።

ወዳጃችን ከናይሮቢ ሲመለሱ ወደ ቤታችን ጎራ ብለው ነበር። ስለ ከተማይቱ ብርድና ስለ መንገዱ መጨናነቅ ካጫወቱን በኋላ፣ ከኮታቸው ኪስ አንዲት ትንሽ ፍላሽ አወጡ። ልጃቸው ማኅደሯን በሙሉ ገልብጣ፣ «አባባ፣ አንዱ ከእርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ» ብላ ሰጥታቸዋለች።

«የት ሊያኖሩት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«የአባቴ ዳዊት ከነማኅደሩ አለኝ» አሉን። «ከዚያው እከተዋለሁ።»